ጠጠር ይዤ ክፍል የገባሁባቸው ዓመታት

ጡረታ ከወጣሁ ገና ብዙ አልቆየሁም። ቆቦ ውስጥ ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ ብዙ ጊዜ ያስተማርሁት ልጅ ሆኖ ይገኛል። በመስታወቱ አየት ያደርገኝና፣ «ቲቸር ውዴ፣ እንግዲህ አረፉ» ይለኛል። «አረፍሁ» እለዋለሁ። ውሸቴን ነው። ጠዋት የትምህርት ቤት ደወል ስሰማ አሁንም እግሬ ይነሣል።

ያስተማርሁት ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ነው። ብዙውን ዕድሜዬን ከእነሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ጠጠር ስበትንና ስለቅም አሳልፌዋለሁ። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ደረጃ ዕድገትና ስለ ዝውውር ማመልከቻ ማውራት እችል ነበር፤ ግን ያ የሁሉም መምህር ታሪክ ስለሆነ ልተወው። እኔ መናገር የምፈልገው ጨዋታ ልጅን እንዴት አድርጎ እንደሚያስተምር ያየሁትን ነው። ያን ባሰብሁ ቁጥር ዛሬም ልቤ እንደ ጀማሪ መምህር ይመታል።

የተወለድሁት ደብረ ታቦር አጠገብ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስንወጣ ዕጣ አወጣን፤ ለእኔ ራያ ቆቦ ደረሰኝ። እናቴ «ቆላ ነው፣ ወባ አለበት» ብላ አለቀሰች። ሮቢት ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ፣ በማሽላ ማሳ መካከል ወደ ምሥራቅ ረጅም መንገድ በእግሬ ተጓዝሁ። ትምህርት ቤቱ ባለ ቆርቆሮ አንድ የጭቃ ቤትና ከጎኑ በአገዳ የተሸፈነ ዳስ ነበር። አዲስ መጪ በመሆኔ ሦስተኛ ክፍልን ከነዳሱ ተረከብሁ።

ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበር፤ ግን ጸጥታ ይወዳል። ጎበዝ መምህር ማለት ክፍሉ ድምፅ የማይሰማበት ነው ብሎ ያምናል። በእሱ መለኪያ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት እኔ በጣም ጎበዝ ነበርሁ። እኔ እጽፋለሁ፣ ልጆቹ ዝም ብለው ይገለብጣሉ። የገባቸው ነገር ግን አልነበረም።

ያስቸገረን መቀነስ ነው። ሰሌዳው ላይ 42 ሲቀነስ 17 ብዬ እጽፋለሁ። ልጆቹ 35 ብለው ያመጡልኛል፤ ከሁለት ላይ ሰባት መቀነስ እንቢ ሲላቸው ገልብጠው ከሰባት ላይ ሁለት ይቀንሳሉ። «ከአሥር ቤት አንድ ተበደሩ» እላቸዋለሁ። እንደ መዝሙር ይደግሙታል። በማግስቱም ያንኑ 35 ያመጣሉ።

አንድ ቀን ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ ጦይባ የምትባል ልጅ እጅዋን አወጣች።

«ቲቸር፣ የተበደርነውን መቼ ነው የምንመልሰው?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እኔም ሳቅሁ። «ይሄ ሒሳብ ነው፣ አይመለስም» አልኋት። ልጅቱ ተቀመጠች። ፊቷን ሳይ ግን ነገሩ እንዳልተዋጠላት ያስታውቃል። እውነትም እሷ ባደገችበት አገር የተበደሩት ነገር ይመለሳል።

በዚያው ቀን፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ልጆች ግራሩ ጥላ ሥር ክብ ሠርተው ሲጯጯሁ ሰማሁ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ጦይባ መሬት ላይ በተማሱ ጉድጓዶች ገበጣ ትጫወታለች። ባላጋራዋ በዕድሜም በቁመትም የሚበልጣት ልጅ ነው። ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሩን ዘገን አድርጋ ወደሚቀጥሉት አንድ አንድ እየጣለች ስትሄድ እጅዋ አይያዝም። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ደግሞ ትፎክራለች።

«ከዚያኛው ጉድጓድ ብታነሺ አይሻልም?» አልኋት።

ቀና እንኳ ሳትል፣ «ከዚያ ካነሣሁ መጨረሻዬ ባዶ ቤት ላይ ይወድቃል፤ እሱም በዚህ መጥቶ ይበላኛል። ከዚህ ካነሣሁ ግን ዞሬ እዚህ እደርሳለሁ» አለችኝ።

በልቤ ቆጠርሁት። ልክ ናት። ይህች ልጅ አንድም ጠጠር ሳትነካ ጨዋታውን በሐሳቧ ዞራ ጨርሳዋለች። እኔ ዘንድ ስትመጣ ደግሞ ከአርባ ሁለት ላይ አሥራ ሰባት መቀነስ ያቅታታል። በዚያ ሰዓት የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል። የጠፋ ነገር ያገኘሁ ያህል ነበር። ልጆቹ ማሰብ እንደሚችሉ በዓይኔ አየሁ፤ የጎደለው እኔ ወደ እነሱ የምገባበት በር ብቻ ነው።

ሮጬ ወደ ጋሽ እንድሪስ ሄድሁ። ጋሽ እንድሪስ የአራተኛ ክፍል መምህር ናቸው፤ ራያ ተወልደው ራያ ያደጉ ቀጭን ረጅም ሰው። ክፍል ሲገቡ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት። «ከላይ ሆኜ የማየው አናታቸውን ብቻ ነው» ይላሉ። የነገርኋቸውን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ፣ ውዴ? ጉድጓዱም ጠጠሩም ያለው እዚያው ግራሩ ሥር ነው» አሉኝ።

በማግስቱ ጀመርን። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ጎን ለጎን ሁለት ጉድጓድ ማስን፤ በስተ ቀኝ የአንድ ቤት፣ በስተ ግራ የአሥር ቤት። በአንድ ቤት ጠጠር፣ በአሥር ቤት ደግሞ የግራር ፍሬ ይገባል። አንዱ የግራር ፍሬ የአሥር ጠጠር ዋጋ አለው። ቆርኪ ላይ ቁጥር ጽፈን ከረጢት ውስጥ ጨመርን። ተጫዋቹ ሳያይ ቆርኪ ያወጣል፤ የተጻፈበትን ያህል ለባላጋራው ይሰጣል። በመካከል አንድ ልጅ ብዙ ጠጠርና ብዙ ፍሬ ይዞ ባለ ሱቅ ይሆናል።

የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሸ። ልጆቹ አሥሩም አሥራ አምስቱም ጠጠር በአንዱ ቤት ውስጥ ያጭቁታል፤ ወደ ባለ ሱቁ ዞር የሚል የለም። እኔ በተራ በተራ እየዞርሁ «አሥር ሲሞላ ለውጡ» እያልሁ ጉሮሮዬ ደረቀ። ጋሽ እንድሪስ መጥተው ጉድጓዱን በጣታቸው ለኩት።

«አጥብቢው» አሉኝ። «ዘጠኝ ጠጠር ሲገባበት ጢም ይበል። ሕጉን አንቺ ከምትናገሪው ጉድጓዱ ይናገረው።»

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከሰማሁት ምክር ይህን የሚያህል አላገኘሁም። ጉድጓዶቹን ደፍነን ትንንሽ አድርገን ማስናቸው። አሥረኛው ጠጠር ሲንከባለል ልጆቹ ራሳቸው «ሞላ፣ ሞላ» እያሉ ወደ ባለ ሱቁ ጮኹ። እኔ አንዲት ቃል አልተናገርሁም።

ጦይባ ተራዋ ደረሰ። አራት ፍሬና ሁለት ጠጠር አላት። ቆርኪ አወጣች፤ ሰባት። እጅዋ ወደ ጠጠሮቹ ሄዶ ቆመ። ሁለት ብቻ ናቸው። አፌን ልከፍት ስል ጋሽ እንድሪስን አየሁ። መፋቂያቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ግጥም አድርገው ነክሰውታል። ልጅ በሚያስብበት ጊዜ ሁሉ ይህን ያደርጋሉ፤ መልሱ እንዳያመልጣቸው ነው። እኔም ከንፈሬን ነከስሁ።

ልጅቱ ጉድጓዶቹን አየች፣ ባላጋራዋን አየች። ከዚያ አንዱን የግራር ፍሬ አንሥታ ወደ ባለ ሱቁ ዘረጋች።

«ዘርዝርልኝ» አለችው።

አሥር ጠጠር ቆጥሮ ሰጣት። ሰባቱን ከፈለች። ቀና ብላ ስታየኝ ዓይኗ በርቷል።

«ቲቸር፣ ለካ መበደር አይደለም፤ መዘርዘር ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ «ተበደሩ» የሚለውን ቃል ከአፌ አወጣሁት። ጨዋታውንም ልጆቹ «ዘርዝር» ብለው ሰየሙት። ጩኸቱን ሰምቶ ርዕሰ መምህሩ ከቢሮው ወጣ፤ ፊቱ ተቆጥቷል። ዳሱ በር ላይ ቆሞ ጥቂት አየ። አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ባለ ሱቅ ይሁኑልን፤ የኛው ያጭበረብራል» አለችው። ተቀመጠ። የሚቀጥለው ሳምንት ሮቢት ደርሶ ሲመለስም አንድ ፌስታል ቆርኪ አመጣልኝ።

ጋሽ እንድሪስ ያስተማሩኝ ሌላም ነገር አለ። ጨዋታውን ገና ሲጥም ያስቆሙታል። ልጆቹ እያጉረመረሙ ይቀመጣሉ። ያኔ መጀመሪያ የሚጠይቁት የተሸነፈውን ነው። «እስቲ ንገረን፣ የት ላይ ተሰበረብህ?» ይሉታል። «ያሸነፈ ማሸነፉን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የተሸነፈ ግን መንገዱን አይቶታል» ይላሉ። ልጆቹ የተሰበረባቸውን ቦታ ለመናገር ሲሽቀዳደሙ ማየት ያስገርም ነበር። ከጨዋታው ይልቅ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚያ ወሬ ላይ ነው።

ማሽላው ወተት ሲይዝ ግን ወፍ መጣ፤ ልጆችም ወደ ማማ መውጣት ጀመሩ። ማማ ማሳ መካከል በእንጨት የሚሠራ ከፍ ያለ ቆጥ ነው፤ ልጆች እዚያ ላይ ቆመው ወፍ በወንጭፍ ያባርራሉ። በየዓመቱ ያለ ነገር ነው። በዚያ ዓመት ግን የጦይባ አባት አያ ሰይድ ራሳቸው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ።

«መምህርት፣ ልጄን የላክሁት ፊደል እንድትቆጥር ነበር» አሉኝ። «ጠጠር ስትጫወት ትውላለች አሉኝ። ጠጠሩማ ማማው ሥርም ሞልቷል። ወፍ እየጠበቀች ትጫወት።»

እጅዋን ይዘው ሄዱ። ጦይባ አላለቀሰችም፤ ዞራ ዳሱን ብቻ አየችው። ወሬው መንደሩን ሲያዳርስ ሌሎችም ወላጆች ልጆቻቸውን አስቀሩ። ዳሱ ሳሳ። ርዕሰ መምህሩ «ፈርቼ ነበር እኮ» አለኝ። እኔም የጀመርሁትን ሁሉ ትቼ ወደ ሰሌዳው ልመለስ ትንሽ ቀረኝ።

ጋሽ እንድሪስ ግን፣ «ነገ ቀትር ላይ አብረን እንሄዳለን። ወሬ አንወስድም፣ ጠጠር እንወስዳለን» አሉኝ።

ስንደርስ አያ ሰይድ ማማው ጥላ ሥር ተጋድመዋል፤ ጦይባ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ሰላምታ ተለዋወጥን። ጋሽ እንድሪስ የትምህርትን ነገር አላነሡም። ስለ ማሽላው፣ ስለ ከብቱ፣ ዘንድሮ ከዞብል በኩል ስለሚመጣው ጎርፍ ጠየቁ። እየጠየቁ ግን በእንጨት መሬቱን ይምሳሉ።

«ሰይድ፣ በልጅነታችን በገበጣ አንተን የሚችል አልነበረም» አሉ። «ይሄን አዲሱን ከልጅህ ጋር ሞክረው እስቲ።»

አያ ሰይድ ፈገግ ብለው ተቀመጡ። ቶሎ ገባቸው፤ ቶሎም ጣማቸው። ልጃቸው ግን ርኅራኄ አልነበራትም። ጥቂት ቆይቶ አራት ፍሬና ሁለት ጠጠር ይዘው ትልቅ ቆርኪ ወጣባቸው፤ አሥራ ሰባት። አንዱን ፍሬ ሰጧት። ሰባቱ ቀረ። ሁለቱን ጠጠር እያገላበጡ አዩ። ጋሽ እንድሪስ መፋቂያቸውን ነከሱ።

«እንግዲህ ይሄን ዘርዝሩልኝ» አሉ አያ ሰይድ አንዱን ፍሬ አንሥተው።

ከፈሉ። ጦይባ በፊታቸው አቧራው ላይ በጣቷ 42 ጻፈች፣ ከሥሩ 17፣ ከዚያ መስመር፣ ከዚያ 25።

«ምንድን ነው እሱ?» አሏት።

«አሁን አንተ የሠራኸው ነው አባ። ይሄ ፍሬህ ነው፣ ይሄ ጠጠርህ። የቀረህ ሁለት ፍሬና አምስት ጠጠር ነው፤ ቁጠረው።»

አያ ሰይድ ማንበብ አይችሉም። ጉድጓዶቹን ቆጠሩ፤ ወደ ጽሑፉ አዩ፤ እንደገና ቆጠሩ። በመጨረሻ፣ «እንዲህ ከሆነማ ጨዋታ አይደለም» አሉ።

«ጨዋታ ነው፣ ሰይድ። ጨዋታም ነው፣ ሒሳብም ነው» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ወፉስ?»

«ወፉ ጠዋትና ወደ ማታ ነው የሚበላው። ይኸው አሁን ጥላ ሥር ነው፤ አንተም ጥላ ሥር ነህ።»

አያ ሰይድ ሳቁ። እስከ አጨዳ ድረስ ልጆቹ ወፉ በሚያርፍበት ሰዓት እንዲማሩ ተስማማን። ርዕሰ መምህሩ ደወሉን ወደ ረፋድ አዛወረው። ልጆቹ ወንጭፋቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ ላብ በላብ ሆነው እየሮጡ ሲመጡ ዳሱ ውስጥ ቆሜ አያቸው ነበር። ወደ ትምህርት ቤት እንዲህ የሚሮጥ ልጅ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ጦይባ ትምህርቷን ጨርሳ ዛሬ ዋጃ ላይ የግብርና ባለሙያ ናት።

ከዚያ በኋላ ወደ ቆቦ ከተማ ተዛወርሁ። የዘርዝር ወሬ ቀድሞኝ ስለደረሰ ሌሎች መምህራንን እንዳሠለጥን ተመረጥሁ። ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛና ወንበር ተደርድሮ፣ እኔ ከፊት ቆሜ ስለ ጨዋታ ጥቅም አስረዳሁ። የዘርዝርን ሕግ አንድ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። መምህራኑ ጻፉ፤ ምሳ በላን፤ ተጨበጨበልኝ። በቃ፣ ከአሁን በኋላ በየመንደሩ ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው ይማራሉ ብዬ በደስታ ሰከርሁ።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ትምህርት ቤቶቹን ልጎበኝ ወጣሁ። በመጀመሪያው ትምህርት ቤት በሲሚንቶ የተሠራ፣ ቀለም የተቀባ ውብ የዘርዝር ገበታ አለ ተባልሁ። በመስኮት አሳዩኝ፤ ክፍሉ ተቆልፏል። ልጆች እንዳይሰብሩት ነው። ለእንግዳ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ደግሞ ገበያ ሄዷል።

ወደ ሁለተኛው ሄድሁ። ከሩቅ የልጆች ድምፅ ሰማሁና እየሮጥሁ በሩ ላይ ደረስሁ። ልጆቹ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። መምህሩ በአርጩሜ ሰሌዳውን እየነካ ያስደግማቸዋል።

«የዘርዝር ጨዋታ አንደኛ ሕግ!»

«ከዘጠኝ በላይ ጠጠር በአንድ ቤት ውስጥ አይቀመጥም!» ይላሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

የእኔው ሰሌዳ ነው። ቃል በቃል፣ በእኔው ቅደም ተከተል። መምህሩ እንግዳ መምጣቱን አይቶ በኩራት ፈገግ አለ፤ ጥያቄ ያለው ካለም እንዲጠይቅ ለልጆቹ ፈቀደ። አንዲት ትንሽ ልጅ ተነሣች።

«ቲቸር፣ ጨዋታውን ግን መቼ ነው የምንጫወተው?»

በሚኒባስ ወደ ቆቦ ስመለስ የመስኮቱን አቧራ እያየሁ አለቀስሁ። መምህሩ ሰነፍ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ትጉ ነው፤ ያሠለጠንሁትን ሳያጎድል ነው የሠራው። ያን ያህል የለፋሁበት ነገር የሚደገም ጽሑፍና የተቆለፈ ሲሚንቶ ሆኖ ቀረ። ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት በገዛ ፈቃዳቸው የሚያደርጉትን ነገር ጭምር እኔ አሰልቺ አድርጌባቸዋለሁ።

ጋሽ እንድሪስ ያኔ ጡረታ ወጥተው ቆቦ ዳር ሽንኩርት ያለሙ ነበር። ከመኪና እንደወረድሁ በቀጥታ ወደ እሳቸው ሄድሁ። ውኃ ወደ መደቡ እየመለሱ አገኘኋቸው። ፊቴን አይተው አካፋቸውን አስቀመጡ።

«እሺ፣ የተሸነፈ ይናገር» አሉኝ። «የት ላይ ተሰበረብሽ?»

ነገርኋቸው። ከሰሙ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አዳራሹ ውስጥ ጠጠር የነካ መምህር ነበር?»

አልነበረም። አንድም አልነበረም። ስለ ጨዋታ ቀኑን ሙሉ ሳወራ ማንም አልተጫወተም። እኔ ራሴ ዘርዝርን ያገኘሁት ግራሩ ሥር ቁጢጥ ብዬ ነው፤ ለእነሱ ግን ወንበር ደረደርሁላቸው።

በሚቀጥለው ክረምት ሥልጠናው ሲደገም መምህራኑን ከአዳራሽ አውጥቼ ዛፍ ሥር ወሰድኋቸው። ቦርሳና ጃኬት አስቀመጡ፤ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው እያጉረመረሙ ተቀመጡ። ጨዋታው እንዳይቀላቸው ቁጥሩን ለወጥሁት፤ በአሥር ፋንታ በአምስት እንዲዘረዘር አደረግሁ። ጉድጓዱ አራት ጠጠር ሲይዝ ይሞላል። በዚያን ጊዜ ነው ነገሩ የተቀየረው። ብዙ ዘመን ያስተማሩ ሰዎች በጣታቸው ሲቆጥሩ፣ ሲሳሳቱ፣ የጎረቤታቸውን ጉድጓድ ሰርቀው ሲያዩ አየሁ። አንድ የሒሳብ መምህር ባልደረባውን «ቲቸር፣ አጭበርብረሃል፤ መልስ» ብሎ እጁን ያዘው። ሌላዋ ደግሞ፣ «ልጆቼ እኮ በየቀኑ እንዲህ ነው የሚጨንቃቸው» አለች ለራሷ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ምግቡ ቀዘቀዘ፤ ሊነሣ የፈቀደ የለም። እኔም ከጋሽ እንድሪስ በተማርሁት መሠረት ጨዋታው ሳይሰለች አስቆምሁት። የሕግ ጽሑፍ ለማንም አልሰጠሁም። በዓመቱ ስዞር በየግቢው የተማሱ ጉድጓዶች አገኘሁ፤ አንዳንዱ ቦታ ሕጉን ጨርሰው ለውጠውታል፤ ይህን ሳይ ደግሞ ይበልጥ ደስ አለኝ።

ጋሽ እንድሪስ ጦርነቱን ሳያዩ ሞቱ፤ አላህ ይማራቸው። ጦርነቱ እንደ ብዙው ሰው እኔንም ከቤቴ አስወጥቶኝ ነበር። ስመለስና ትምህርት ቤት ሲከፈት ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፤ ወንበር የለ፣ መጽሐፍ የለ፣ አንዳንዱ በርም የለው። መምህራን ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። ከጎጃም የተመደበች ራሔል የምትባል ወጣት መምህርት ነበረች።

«ቲቸር ውዴ፣ ምን ይዘን ነው የምናስተምረው?» አለችኝ።

ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ቆርቆሮ በነፋስ ጓ ባለ ቁጥር አብረው ይደነግጣሉ። አይጫወቱም፤ ያስፈራኝ ይህ ነው። መጽሐፍ ቢጠፋ ይታተማል። የማይጫወት ልጅ ግን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ራሔልን እንጨት እንድታመጣ ነገርኋትና አቧራው ላይ ትልቅ ሰኞ ማክሰኞ ሠራን። በየሣጥኑ ውስጥ አንድ አንድ ፊደል ጻፍን። በአንድ እግሬ ስሜን ዘለልሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ። «ው» ላይ ቆምሁ፣ ከዚያ «ዴ» ላይ ደረስሁና ልወድቅ ስል ራሔል ደገፈችኝ። ከግድግዳው በኩል አንድ ሰው ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ልጅ መጣችና «ቆ» ላይ ቆመች፤ «ቦ» ላይ ዘለለች። ከኋላዋ ሌላዋ ተነሥታ «የኔ አገር የለም፤ ይጻፍልኝ» አለች። ሮቢት ነው የምትፈልገው። «ሮ»ን፣ «ቢ»ን፣ «ት»ን ጻፍንላት። ከዚያ በኋላ ሁሉም የየመንደሩን ስም ጠየቀ። ሣጥኖቹ ግቢውን አልፈው እስከ አጥሩ ደረሱ። በዚያ ሳምንት አንድም መጽሐፍ ሳይኖረን ልጆቹ የመንደራቸውን ስም እየዘለሉ ማንበብና መጻፍ ጀመሩ፤ ጩኸታቸውም ተመለሰ። የቆቦው ርዕሰ መምህራችንም ጩኸቱን ሲሰሙ ቢሮአቸው በር ላይ ወጥተው ቆሙ፤ ዝም በሉ ያለ ማንም አልነበረም።

ጡረታዬ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሸኙኝ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ መረቁኝ። ቤቴ ገብቼ የምሠራው ጠፍቶኝ ሳለ በቅርቡ ራሔል ደወለችልኝ።

«ቲቸር፣ አራተኛ ክፍሎች የራሳቸውን ጨዋታ ሠርተዋል፤ እኔ ሁልጊዜ እሸነፋለሁ። ይምጡና ይዩልኝ።»

ጨርሳ ሳትናገር ነጠላዬን አንሥቻለሁ።

ግቢው ጥግ ላይ ልጆቹ ከአንድ ትልቅ ቦይ ዳር አራት ማሳ ቀርጸዋል፤ አንዱ ከአንዱ በታች። ጎርፉ ማሽላ ነው። ሰሚራ የምትባል ልጅ ጣሳ ሙሉ ማሽላ ይዛ ከላይ ታፈስሳለች። የላይኛው ማሳ ባለቤት የፈለገውን ያህል ወስዶ የቀረውን ወደ ታች ይለቅቃል፤ ቀጣዩም እንዲሁ። ከተራራ የሚወርደው የእርሻ ጎርፍ በቆላችን የሚከፋፈለው እንዲሁ ነው።

«እርስዎ የላይኛውን ይያዙ» አለችኝ ሰሚራ።

ማሽላው ፈሰሰ። ለጋስ ነኝ ብዬ እኩሌታውን ብቻ ወሰድሁ። ሁለተኛው ከደረሰው ላይ እኩሌታውን ወሰደ፣ ሦስተኛዋም እንዲሁ። የመጨረሻው ማሳ ላይ የደረሰው አንድ እፍኝ እንኳ አይሞላም። ልጆቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ።

«ተሸነፍን» አለች ሰሚራ።

«ማን አሸነፈ ታዲያ?»

«ማንም። የታችኛው ማሳ ከደረቀ ሁላችንም ተሸንፈናል። የቦዩን ግድብ ጎርፍ ሲንደው የታችኛው ባለቤት መጥቶ አያግዘንም።»

ይህን ሕግ ማን አስተማራቸው ብዬ ራሔልን አየኋት፤ እኔ አይደለሁም ስትል ራሷን ነቀነቀች። ከአባቶቻቸው ማሳ ያመጡት ነው።

እንደገና ፈሰሰ። በዚህ ጊዜ ሰሚራ የላይኛውን ያዘች። ሩቡን ብቻ ወሰደች። ሁለተኛው ልጅ ከደረሰው ላይ ሲሶውን ወሰደ። ሦስተኛዋ እኩሌታውን። የመጨረሻው የቀረውን ሁሉ። ልጆቹ ጣሳ አምጥተው ሰፈሩት፤ አራቱም ማሳ እኩል ነው።

እስኪ አስቡት። ሩብ፣ ሲሶ፣ እኩሌታ፣ ከዚያ ሁሉም። እኔ የሥራ ዘመኔን ሁሉ ክፍልፋይ ያስተማርሁት ዳቦ ሰሌዳ ላይ ሥዬ እየቆረስሁ ነው። የቀረው እያነሰ ሲሄድ ድርሻው እየሰፋ መሄድ እንዳለበት፣ እኩል የሚሆነውም በዚህ ብቻ እንደሆነ ለአንድም ክፍል አሳይቼ አላውቅም። ልጆቹ በማሽላና በቦይ አገኙት።

«ማሳው አምስት ቢሆንስ?» አልኋቸው።

ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። ሰሚራ እጅዋን አንሥታ ዝም አሰኘቻቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ቲቸር፣ እሱን አሁን እንሞክረዋለን። ግን ይነሡልን፤ ተራ የሚጠብቅ አለ።»

ቀሚሴን አራግፌ ተነሣሁ። ገና አንድ እርምጃ ሳልራመድ አንዲት ልጅ ቦታዬ ላይ ተቀምጣ አምስተኛውን ማሳ መማስ ጀምራ ነበር።